ፑንቲናን ከማሰናበታችሁ በፊት

ላዳ ወይም ቮልስ የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ይህን ምክር መስማቱ አይቀርም፦ «ፑንቲናውን አውጣና ኤሌክትሮኒክ አስገባ፤ ትገላገላለህ።» ፑንቲና ለካንዴላው ብልጭታ የሚያስነሳው የድሮ የብረት ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ «ኤሌክትሮኒክ» የሚባለው ተተኪው ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። እኔም ብጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ነው የምለው። ግን መካሪው ከምን እንደምትገላገሉ አይነግራችሁም። ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል ይባላል። ከዚህ ገሚሱ እውነት ነው። ገሚሱ ግን ሌላ ቦታ ያለ ብልሽት ነው፤ በፑንቲናው ተሳቦ የሚኖር።

ለመለየት ፑንቲናው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከባድ አይደለም።

ሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን አየርና ቤንዚን የሚለኩሰው የካንዴላው ብልጭታ ነው። ብልጭታው ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ የሆነ ክፍተት ለመዝለል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። ባትሪያችን ያለው 12 ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ቦቢናው ነው። ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። አንዱ ወፈር ያለና ጥቂት መቶ ዙር ያለው ነው። ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሲሆን 20,000 ዙር አካባቢ ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ብልጭታው የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ወደ ቦቢናው ሲገባ አይደለም፤ ድንገት ሲቋረጥ ነው። ፑንቲናው ገጥሞ ሳለ በወፍራሙ ሽቦ እስከ 4 አምፔር ያልፋል፤ ቦቢናውም ማግኔት ይሆናል። ፑንቲናው ሲከፈት ማግኔቱ በቅጽበት ይፈርሳል። በኃይል የሚወርድ የቧንቧ ውኃ ድንገት ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ «ድም» ይል የለ? እንደዚያ ነው፤ የተገታው ጉልበት መውጫ ይፈልጋል። በወፍራሙ ሽቦ ላይ ከ200 እስከ 300 ቮልት ይነሳል፤ ቀጭኑ ሽቦ ይህንኑ መቶ እጥፍ ያደርገዋል። ካንዴላው ጋ የሚደርሰው 20,000ም ሆነ 30,000 ቮልት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ፑንቲና ማለት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ በትክክለኛው ሰዓት ቁርጥ አድርጎ ማቋረጥ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህን በሰከንድ 100 ጊዜ መሥራት አለበት። ለአንዲት ቁራጭ ብረት ቀላል ሥራ አይደለም።

ኤሌክትሪክ ደግሞ አቁም ስላሉት እሺ ብሎ አይቆምም። ፑንቲናው ገና መከፈት ሲጀምር በክፍተቱ ላይ መዝለል ይፈልጋል። ከዘለለ ማቋረጡ ድንገተኛ መሆኑ ይቀራል፣ ብልጭታው ይደክማል፣ የፑንቲናው ፊትም ይቃጠላል። ፑንቲናው ካለበት፣ ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ጎን አውራ ጣት የምታክል ጣሳ መሳይ ነገር ታስራ ያያችሁት ለዚህ ነው። ኮንደንሰር ናት። ክፍተቱ በቂ እስኪሆን ድረስ ግፊቱን ለአፍታ ትይዛለች። እሷ ከሞተች መኪናው ቢነሳም ይቆራርጣል፤ ፑንቲናው ላይም እሳት ሲተፋ ይታያል። «ፑንቲና አይበረክትልኝም፣ አሁን ቀይሬ አሁን ይበላል» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ኮንደንሰሯን ይቀይሩ።

አሁን የራሳችሁን እዩት። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ክፈቱና መሃል ላይ የሚዞረውን ሮተር አንሱ። ፑንቲናውን በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቀቅ አድርጋችሁ የስልካችሁን መብራት አብሩበት። ብዙ የሠራ ከሆነ በአንዱ ፊት ላይ ትንሽ ጉብታ፣ በሌላው ላይ የዚያኑ ያህል ጉድጓድ ታገኛላችሁ። ብረቱ በኤሌክትሪኩ እየተገፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ ነው። በዚህ ፑንቲና ውስጥ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ብታስገቡ ጌጁ የሚያርፈው በጉብታው ላይ ነው፤ እውነተኛው ክፍተት ጌጁ ከሚላችሁ ይሰፋል። በአሸዋ ወረቀት ፈግፈግ አድርጎ መሄድ ይቻላል፤ ግን ለመንገድ ያህል እንጂ ለወራት አይሆንም።

ከዚያ ፋይበሯን ተመልከቱ። የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ አራት ጉብታ አለው። እያንዳንዱ ጉብታ ሲያልፍ ከፑንቲናው ጋር የተያያዘችውን ትንሽ ፋይበር ይገፋታል፤ ፑንቲናው የሚከፈተው ያኔ ነው። ላዳም ሆነ ቮልስ ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። (ጌጅ የሌለው የመንገድ ዳር ሜካኒክ በቢዝነስ ካርድ የሚለካው ካርዱ ከዚህ ውፍረት ብዙ ስለማይርቅ ነው። ያስኬዳል።) ፋይበሯ በተፋተገች ቁጥር ታልቃለች። ስታልቅ ክፍተቱ ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፤ ብልጭታውም ይዘገያል። መኪናው ግን አንድ ቀን ግትር ብሎ አይቆምም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይደክማል፤ ሹፌሩም ይለምደዋል። ከዚያ ኤሌክትሮኒክ ሲገባለት «ሌላ መኪና ሆነ!» ይላል። ያገኘው ግን አዲስ ጉልበት ሳይሆን የጠፋበትን ነው። አዲስ ፑንቲና ተገዝቶ፣ ክፍተቱ ተለክቶ፣ ታይሚንጉ (ብልጭታው የሚነሳበት ሰዓት) ቢስተካከልም የዚያን ዕለት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል ባልሆነ።

የኤሌክትሮኒኩ ጥቅም በዚያን ዕለት አይታይም፤ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ዛሬ ያስተካከላችሁት ታይሚንግ ያኔም እዚያው ነው።

የመኪና ፋብሪካዎችም የቀየሩት ለዚሁ ነው። የፑንቲናውን አሠራር አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ለካዲላክ የሠራው በ1910 አካባቢ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዓለም ከዚያ በኋላ 60 ዓመት ያህል በዚሁ ኖረ። በ1970ዎቹ ግን የአሜሪካ የጭስ ሕግ አንድ መኪና እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ጭሱ ከገደቡ እንዳያልፍ ጠየቀ። ፋይበሯ እያለቀች ይህ የማይታሰብ ነው። ክራይስለር በ1973 ሞዴሎቹ ፑንቲናን ተወ፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1975 ሞዴሎቹ ተከተለ። ላዳ ሳማራ በ1984 ሲወጣ ያለ ፑንቲና ነበር። ዛሬ ለ2101 እስከ 2107 ላዳዎች የሚሸጠው ኪት (የመቀየሪያ ዕቃ ስብስብ) የዚያው ዘመድ ነው።

እንግዲህ ኤሌክትሮኒኩ የሚያደርገው ይህን ነው፦ ማብሪያ ማጥፊያውን ከብረት ወደ ትራንዚስተር ይቀይራል። ትራንዚስተሩ መቼ እንደሚያቋርጥ የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል። ይህን መልእክት የሚያደርስለት ብዙ ጊዜ በፊዚክስ ሊቁ ኤድዊን ሆል ስም የሚጠራው የሆል ሴንሰር ነው። የሚሠራበትን ባሕርይ ሆል ያገኘው በ1879 ቢሆንም መኪና ውስጥ የገባው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ማግኔት ሲቀርበው «አለ»፣ ሲርቀው «የለም» ይላል። አይነካካም፣ አይፋተግም።

ገበያ ላይ የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ያለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ የሚገባ ትንሽ ኪት ነው፤ ለቮልስ የሚበዛው ይህ ነው። ፐርትሮኒክስ የሚባለው በጣም የታወቀው ነው፤ የሚመስሉትም ብዙ አሉ። ፑንቲናውና ኮንደንሰሯ ይወጣሉ። በቦታቸው ትራንዚስተሩና ሴንሰሩ ያሉበት ጥቁር ሞጁል ይታሰራል፤ ከሮተሩ ሥር ማግኔት ያለበት ቀለበት ይገባል። ሁለት ሽቦ አለው፦ ቀዩ ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጌቲቭ። ክዳኑ ሲዘጋ ከውጭ ምንም የተቀየረ አይመስልም።

ሁለተኛው የላዳው ነው። ዲስትሪቢውተሩ ራሱ ይቀየራል። ከሱ ጋር አዲስ ቦቢና፣ ከቦዲው ጋር የሚታሰር ሞጁልና የሽቦ ስብስብ ይመጣል። ሥራው ይበዛል፤ ግን ሁሉም ነገር ለዚያው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ብልጭታው ከትንሹ ኪት ይጠነክራል። የካንዴላውን ክፍተትም ከ0.5 ወይም 0.6 ወደ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊሜትር ማስፋት ይቻላል። ረዘም ያለ ብልጭታ ቅይጡን በተሻለ ይለኩሳል። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ላይ፣ ባትሪው በብርድ ደክሞ ሞተሪኖው በግድ ሲዞር፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይሰማል።

ቦቢና ካልኩ ዘንድ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ ሞጁል በሳምንቱ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ቦቢና ሁሉ አንድ አይደለም። የድሮው ላዳም የድሮው ቮልስም ቦቢና በሁለቱ ትንንሽ እግሮቹ መካከል ሲለካ 3 ኦም አካባቢ ነው። 12 ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር፤ ፑንቲናው የሚችለው ይህን ያህል ነው። የላዳው ኤሌክትሮኒክ ቦቢና ግን ግማሽ ኦም እንኳ አይሞላም። ይህን ቦቢና ያለ ራሱ ሞጁል ብታስገቡት በ20ዎቹ የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ፑንቲና ላይ ካሰራችሁት ፑንቲናው ይቀልጣል። ለ3 ኦም የተሠራ ትንሽ ኪት ላይ ካሰራችሁት ኪቱ ይሞታል። ተቃራኒው፣ ማለትም የድሮውን ቦቢና ከላዳው ሞጁል ጋር ማድረግ፣ የሚያቃጥለው ነገር የለም፤ ግን ለጠንካራ ብልጭታ ከፍላችሁ ደካማውን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። መፍትሔው መልቲሜትር ነው። «ይሄ አሪፍ ቦቢና ነው» የሚለውን ሻጭ አመስግኑና ለኩት።

ከመግዛታችሁ በፊት የምታዩት ሌላም ነገር አለ። ሮተሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። ልል ሆኖ የሚወዛወዝ ከሆነ የዲስትሪቢውተሩ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል። በዚህ ጊዜ ፑንቲናው ለአንዱ ሲሊንደር ቀድሞ፣ ለሌላው ዘግይቶ ይከፈታል፤ ምንም ብታስተካክሉት ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አይረጋጋም። ኤሌክትሮኒኩ ይህን ከፑንቲና በተሻለ ይታገሣል እንጂ አያድነውም። ቀጥሎ ሮተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ልቀቁት። በስፕሪንግ ፈጠን ብሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ከሥር ያሉት ትንንሽ ክብደቶች በደረቀ ግሪስ ተጣብቀዋል። ሞተሩ ሲፈጥን ብልጭታውን የሚያስቀድሙት እነሱ ናቸው። ስሙ «ኤሌክትሮኒክ» ቢሆንም ይህ ክፍል ከድሮው እንዳለ ይቀጥላል፤ ኮምፒውተር የለውም። እነዚህ ክብደቶች ከተጣበቁ ኪት ብትገዙም መኪናው ዳገት ላይ ያቃስታል።

ካርቡሬተሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር፣ ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ከወጣ ችግራችሁ ፑንቲናው ላይሆን ይችላል። ጠንካራ ብልጭታ ጥላሸቱን ለጊዜው ይቋቋመዋል፤ ቤንዚኑ ግን መበላቱን አያቆምም። «ኤሌክትሮኒክ አስገብቼ ቤንዚን አልቀነሰልኝም» የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የካርቡሬተር ቅሬታ ነው።

ኤሌክትሪኩንም ለኩ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ቮልቴጅ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። የቻርጁን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቶ 16 የሚሰጥ መኪና ፑንቲናን ምንም ላያደርገው ይችላል፤ ሞጁልን ግን አይምርም። እንዲሁም ሞተሪኖው እየዞረ ቦቢናው ፖዘቲቭ ላይ የሚደርሰውን እዩ። ከ9 ቮልት በታች ከወረደ ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ወይም የሞተሩ ኔጌቲቭ ገመድ ደክሟል፤ መጀመሪያ እሱ ይሠራ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ቮልስ ያላችሁ ደግሞ መኪናው 6 ቮልት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የድሮ ላንድሮቨሮችም ከቦዲው ጋር የታሰረው የባትሪ ጫፍ ፖዘቲቩ ነው። ለሁለቱም ለየብቻ የተሠራ ኪት አለ፤ ተራው ኪት 6 ቮልት ላይ በትክክል አይሠራም፤ ፖዘቲቩ ከቦዲው በታሰረ መኪና ላይ ካስገባችሁት ግን ገና ቁልፍ ስታዞሩ ነው የሚያበቃለት።

መግጠሙ ራሱ ለለመደ ሰው የአንድ ሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ባትሪው ይነቀላል። ሞተሩ በእጅ ዞሮ የመጀመሪያው ሲሊንደር ምልክት ላይ ይቆማል፤ የሮተሩ አቅጣጫ ፎቶ ይነሳል። የካንዴላ ገመዶቹ ተራ ላዳ ላይ 1-3-4-2፣ ቮልስ ላይ 1-4-3-2 ነው። የላዳው ሞጁል ስለሚግል ቀለም በሌለው ንጹሕ ብረት ላይ ተጣብቆ መታሰር አለበት። በሽቦ ተንጠልጥሎ የቀረ ሞጁል አይቆይም። ተራ የመዳብ የካንዴላ ገመድ ካላችሁም ካርቦን ባለው ቀይሩት፤ የመዳቡ የሚረጨው ሞገድ ሞጁሉን ያሳስተዋል።

ከዚያ ታይሚንግ። ይህን የሚዘል ሜካኒክ ካጋጠማችሁ ሥራው አላለቀም በሉት። አዲሱ ሴንሰር የሚያቋርጥበት ቦታ ከድሮው ፑንቲና ጋር አንድ አይደለም፤ በጆሮ ብቻም አይገኝም። የታይሚንግ መብራት ይያዝ። ፋብሪካው የሚለውን ቁጥር መነሻ አድርጉ። ቮልስ ላይ 009 የሚባለው የቦሽ ዲስትሪቢውተር ካለ ሞተሩ ከ3,000 ዙር በላይ ሲሆን ብልጭታው በጠቅላላው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መቅደም አለበት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ሞተሩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ተጨማሪ ሳያንኳኳ ይቀበላል፤ ብዙ ሜካኒኮችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ግን በዚያው ቅንብር ወደ አዋሽ ሰባት ከወረዳችሁ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሙቀቱ ዳገት ስትወጡ ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያኔ መልሱት። በተለይ ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ስለሆነ ይህን ድምፅ ችላ ማለት ፒስተን ያስበላል።

ከገባ በኋላ አንዳንድ የቆዩ ልማዶች መቅረት አለባቸው። የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ መንቀል፣ ወይም የቦቢናውን ገመድ ነቅሎ ከቦዲው ጋር «ጫር» አድርጎ ብልጭታ ማየት የኛ ጋራዦች የዘወትር ሥራ ነው። ፑንቲና ይህን ይችላል። ኤሌክትሮኒክ ላይ ግን ብልጭታው መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሞጁሉን ይመታል። ሰውንም አይምርም፤ የልብ ችግር ያለበት ሰው ጨርሶ መጠጋት የለበትም። ሬዲዮ ለመስማት ብሎ ሞተር አጥፍቶ ቁልፍ ከፍቶ መቀመጥም ይቅር፤ አንዳንዶቹ ትንንሽ ኪቶች በዚህ ይቃጠላሉ። ቦዲው ሲበየድ ባትሪውም ሞጁሉም ይነቀሉ። ከሌላ መኪና ባትሪ ስትዋሱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሁለት ጊዜ እዩ።

የኤሌክትሮኒኩ ትልቁ ድክመት አሟሟቱ ነው። ፑንቲና እያስታመመ፣ እየቆራረጠ፣ ቤት ያደርሳችኋል። ሞጁል ግን ሲሞት ጸጥ ነው የሚለው፤ በአሸዋ ወረቀትም አይነሳም። ከተማ ውስጥ ይህ ብዙ አያሳስብም። ወደ ክፍለ ሀገር የምትወጡ ከሆነ ግን ቮልስ ላይ የድሮው ፑንቲናና ኮንደንሰር ክፍተቱን ለመለካት ከሚሆን ጌጅ ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልለው ይቀመጡ። ቦቢናው ያው የድሮው ከሆነ በግማሽ ሰዓት ይመለሳሉ። ላዳ ላይ እንደዚያ አይሆንም፤ ዲስትሪቢውተሩም ቦቢናውም ስለተቀየሩ መያዝ ያለባችሁ መለዋወጫ ሞጁልና ሆል ሴንሰር ነው። ሞጁሉ በሁለት ብሎን፣ በአንድ ሶኬት ይቀየራል። ሴንሰሩ ግን ዲስትሪቢውተሩን መፍታት ስለሚጠይቅ መንገድ ላይ የሚያታግል ነው፤ ስለዚህ ኪቱን ስትገዙ ሴንሰሩ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን እዚያው ሱቅ ጠይቁ።